የእጥፋቱ ነገር

እኔ ለመርፌ የተፈጠርኩ ሰው አልነበርኩም። ቁልፍ ሲበጠስብኝ ለእናቴ፣ ቀሚስ ሲረዝምብኝ ለልብስ ሰፊ እየሰጠሁ ያደግሁ ነኝ። ደባርቅ ለማስተማር ሄጄ በተከራየኋት ክፍል ጥግ በእግር የምትረገጥ አሮጌ ሲንጀር ባላገኝ ኖሮ እስከ ዛሬም እንደዚያው በቀረሁ ነበር። አከራዬ «የእናቴ ናት፤ ቦታ ካጣበበችብሽ እናነሳታለን» አሉኝ። አላነሳናትም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ ይሰበስበዋል። ረጅሙን ምሽት የምገፋበት ሳጣ ፔዳሏን መርገጥ ጀመርኩ... መጀመሪያ ያለ ክር፣ ቀጥሎ በአሮጌ አንሶላ ላይ።

ክሩ በየደቂቃው ይበጠሳል፤ ስፌቱ እንደ ሰካራም አካሄድ ይወላገዳል። ሲመረኝ ከገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ ወደሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። «ጋሼ፣ በምን ልጀምር?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «ሱሪ አትንኪ፤ ኮሌታ ያለውንም አትንኪ። የሴት ሕፃን ቀሚስ ስፊ። ሕፃን ወገብ የላትም፣ ዳሌ የላትም፤ ብትሳሳቺም ትሸፍንልሻለች» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለጀማሪ ከዚያ የቀለለ ልብስ የለም። ለሰባት ዓመት ልጅ ወርዱ 90 ሳንቲሜትር ከሆነ አበባማ ጨርቅ አንድ ሜትር ይበቃል። ጨርቁ በኋላ እንዳይሰበሰብ አስቀድሞ ይታጠባል፣ ይተኮሳል። ከዚያ በቁመቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። ከላይ በሁለቱ ጠርዝ ለብብት የሚሆን ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ይወጣል። ጎንና ጎኑ ይሰፋል። አንገቱ ላይ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ ላስቲክ ይገባበታል፤ ላስቲኩ ሲስብ ጨርቁ ይሸበሸባል፣ አበቦቹም አብረው ይጨማደዳሉ። ብብቱ በቀጭን ቁራጭ ይጠቀለላል፣ ታችኛው ጫፍ ይታጠፋል፤ አለቀ። ዚፕ የለ፣ ቁልፍ የለ። የመጀመሪያዋን ለአከራዬ የልጅ ልጅ ሰፋሁ። ልጅቱ ለብሳት ግቢውን ስትዞርበት ሳይ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ባለሙያ ሆኜ አላውቅም!

ታዲያ ወሬ እግር አለው። አንድ ቀን አንዲት እናት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብትን ጨርቅ በብብቷ ሸጉጣ መጣች። «መምህርት፣ ለዒድ ይድረሱልኝ» አለችኝ። ጊዜው ሰኔ 2010 ዓ.ም. ነበር፤ ዒድ አልፈጥር ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሰዎቹ የግጭ ሰዎች ናቸው።

ግጭን የሰሜን ተራሮችን የጎበኘ ሁሉ ያውቃታል፤ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ገብስ እየዘራ፣ በግና ከብት እያረባ ሕዝብ የኖረባት መንደር ነበረች። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ዋልያው መመናመኑ፣ እርሻውና ግጦሹ መስፋቱ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወርደው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። እኔ ይህን ሁሉ በወረቀት አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ፦ «እዚያ ለዒድ አንድ በግ ይሸጥና ልጆች ይለብሱ ነበር፤ እዚህ በጉ የለም።» ጨርቁ የባሏ የቀን ሥራ ገንዘብ ነው። ቢጫ መደብ፣ ነጫጭ አበባ። ልጅቱ ራሷ እንደመረጠችው ከዓይኗ ያስታውቃል።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» ይባላል። እኔ አንዴ ለካሁ። ልጅቱን ሹራቧን አስወልቄ በስስ ካናቴራ ለካኋት፤ ልኩ ላይ ጥቂት ጨመርኩና ቆረጥኩ። ለስፌት የሚበላውን ትርፍ ከነጭራሹ ረሳሁት። ቁመቱንም ቢሆን ውብ እንዲሆን ብዬ ጉልበቷ ላይ ልክ አድርጌ ቆረጥኩት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይኸው ነው። ዒድ ሦስት ቀን ሲቀረው ለልክ መጣች። በዚያ የሰኔ ብርድ ሹራቧን ማን ያስወልቃታል? ቀሚሱ ከሹራቡ ላይ አልገባ አለ። እጇ ብብቱ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ እጇን እንደ ዘረጋች ቆማ እናቷን አየቻት። እናቷ እኔን አላየችም። መሬት መሬቱን አየች። ያን ዝምታ ስድብ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ጨርቁን ይዤ ወደ ሽማግሌው ሮጥኩ። አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ለልጅ እንዲህ በልክ የሚቆርጥ ነገ ሌላ መግዛት የሚችል ሰው ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ መቀስና ስለ ስፌት የተናገሩት። ያው ቢጫ በገበያው አልቋል። በራሴ ገንዘብ አንድ ሜትር ቀይ ጨርቅ ገዛሁ። በምክራቸው ጎንና ጎኑን ፈትቼ ከብብት እስከ ጫፍ ድረስ፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ጨርቅ ጣልኩበት። ብብቱም ለሹራብ የሚበቃ ሆነ። ታች ደግሞ ዙሪያውን በቀይ ቀጠልኩት፤ ቅጥያውን ስምንት ጣት አድርጌ ቆረጥኩና አራቱን ጣት ወደ ውስጥ አጥፌ በእጄ ጠቀምኩት።

በዋዜማው መጡ። ቀሚሱ ከሹራብና ከሱሪ በላይ ገባ። ልጅቱ አንዴ ዞረች፤ ቀዩ ጨርቅ እንደ ጃንጥላ ተከፈተ። ቆመች፣ ደግሞ ዞረች። ሦስተኛ ስትዞር ሳቀች። እናቷ ግን ቢጫውንም፣ ቀዩንም፣ ዙሩንም አላየችም። በርከክ ብላ የቀሚሱን ጫፍ ገለበጠች፤ እጥፋቱን በጣቶቿ ለካችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝና «አሁን ልብስ ሆነ» አለች።

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የደስ ደስ ያለው ቀሚስ ማለት አበባና ሽብሽብ ይመስለኝ ነበር። ለልጅቱ እንዲያው ነው፤ ትዞርበታለች። ለእናቷ ግን የቀሚሱ ደስታ ከውስጥ በኩል ነው፣ ለከርሞ በተቀመጠው በዚያ አራት ጣት ጨርቅ። ልጅቱ ዛሬን ትለብሳለች፤ እናቷ የምታየው ልጇ የምታድግበትን ነው። አገሯን ለቃ የወረደች ሴት፣ በረት ሙሉ በግ የነበራት ሴት፣ ለነገ የሚተርፍ ነገር ያገኘችው እዚያ እጥፋት ውስጥ ነበር። እኔም በልክ ቆርጬ ያንን ልነሳት ነበር። ለልጅ የሚሰፋ ሰው ሁለት ደንበኛ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው።

በዓመቱ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዒድ ሲቃረብ ልጅቱ ቀሚሷን ራሷ ይዛ መጣች። በአንድ ዓመት ተመዛለች። ቢጫው ፈዟል፣ ቀዩም ፀሐይና ሳሙና በልቶት ወደ ሮዝ ሄዷል። እጥፋቱን በምላጭ ፈታሁት። ከውስጥ የወጣው ጨርቅ ግን ገና ከሱቅ የመጣ ይመስል ደማቅ ቀይ ነበር። ልጅቱ ጣቷን ሰደድ አድርጋ ነካችው። «መጀመሪያ እንዲህ ነበረ?» አለችኝ። «እንዲህ ነበረ» አልኳት።

ሁሉንም ልለቀው ካውያዬን አነሳሁ። «ለሚመጣው ዓመትስ?» አለች።

የእናቷ ልጅ! ሁለት ጣት መልሼ አጠፍኩላት።