በፖስታው ልክ መጓዝ



የምንኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ቤተሰባችን ሦስት ልጆችና ሁለት ወላጆች ነን። ከሁለታችን አንዳችን ቀን፣ አንዳችን ሌሊት ስለምንሠራ ልጆቹን የምንረካከበው ብዙ ጊዜ በር ላይ ቆመን ነው። በየዓመቱ የትምህርት ቤቱ የጸደይ ዕረፍት፣ ልጆቹ «ስፕሪንግ ብሬክ» የሚሉት፣ ሲቃረብ «የት ነው የምንሄደው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ዕረፍቱ ረመዳን ውስጥ ስለዋለ መልሱ ቀላል ነበር። በ2025 ግን ረመዳን ወጣ፣ ዒድም አለፈ፣ ዕረፍቱ ከዚያ በኋላ መጣና ምክንያት አጣን። በዚያ ላይ ታላቋ ልጃችን በክረምቱ መጨረሻ ወደ ኮሌጅ ልትሄድ ነው። አምስታችንም አንድ ላይ የምንሆንበት የመጨረሻው ዕረፍት ይሆናል ብለን ሠጋን።

ልጆቹ የፈለጉት ፍሎሪዳ ዲዝኒን ነበር። የመግቢያው ዋጋ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር ይበልጣል። አምስት ሰው፣ ሁለት ቀን፣ ሆቴልና ምግብ ሲደመር ከአቅማችን በላይ ሆነ። እውነቱን እንናገርና እኛ ወላጆቹ ልባችን ተሸንፎ ነበር። «በክሬዲት ካርድ እንክፈለውና ቀስ ብለን እንመልሰዋለን» ብለን በሹክሹክታ ተመካክረናል። ታላቋ ልጅ ሰማችን። «ወለዱ ስንት ነው?» አለች። ከ20 በመቶ በላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ መድረሳ እየላክን ስለ ሪባ ያስተማርናት እኛው ነን። ምን እንመልስላት?

ያን ዕለት ማታ ሁላችንም ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥንና ከዚያ በፊት አድርገነው የማናውቀውን አደረግን። የወሩን ገቢና ወጪ በወረቀት ላይ ጽፈን ለልጆቹ አሳየናቸው። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የመብራት . . . መካከለኛው ልጃችን ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ «ይሄ 200 ዶላር ምንድን ነው?» አለ። ደሴ ላሉት አያቱ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ነው አልነው። አያቱን በስልክ እንጂ በሌላ አያውቃቸውም፤ እንደምንልክላቸውም አያውቅም ነበር። ለካስ የደበቅነው ሳይመስለን ደብቀነዋል። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ መዋኛ ያለው ሆቴል ይቅር» አለ። እሱን ማንም አልጠየቀውም።

በሹራ የተወሰነው እንዲህ ሆነ። ብድር የለም፤ ከረመዳን ጀምሮ በፖስታ ያጠራቀምነው 900 ዶላር ነው፤ ከዚያ አይታለፍም። መድረሻችን በቴነሲና በኖርዝ ካሮላይና ድንበር ላይ የሚገኘው የግሬት ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይሆናል። ይህ ፓርክ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ከ2023 ጀምሮ ከ15 ደቂቃ በላይ ለሚያቆም መኪና የቀን 5 ዶላር፣ የሳምንት 15 ዶላር ብቻ ያስከፍላል። የነዳጁን ሂሳብ መካከለኛው ልጅ ሠራው። ደርሶ መልስና እዚያ የምንዞረው ወደ 1,100 ማይል ነው፤ መኪናችን በጋሎን 22 ማይል ትሄዳለች፤ 50 ጋሎን ማለት ነው፤ ጋሎኑን 3 ዶላር ብንል 150 ዶላር። ከመንገዳችን በፊት ዘይት አስቀየርን፣ ጎማ አስፈተሽን። ይህን ለመቆጠብ የሚያስብ ወንድም ካለ በትልቅ አውራ ጎዳና ላይ የመኪና መጎተቻ ስንት እንደሚያስከፍል ይጠይቅ።

ትንሹ ልጃችን አራተኛ ክፍል ነበር። በአሜሪካ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ቤተሰቡን በመኪና ይዞ ብሔራዊ ፓርኮችን በነፃ የሚያስገባ ፈቃድ ከኢንተርኔት ያወጣል። በ2025 ፈቃዱ በወረቀት መታተም ነበረበት፤ በስልክ ማሳየት አይበቃም ነበር። በመንገዳችን ላይ ባለው በሸናንዶዋ ፓርክ በር 30 ዶላር ያዳነልን ይኸው ወረቀት ነው። ልጁ በላስቲክ ሸፍኖ ሲያቀብላቸው እኛን ሁሉ በደሞዙ የሚያስተዳድር ይመስል ነበር።

ስንቁን በተመለከተ ሐላል ፍለጋና ቁጠባ አንድ መንገድ ሆኑልን። ከትልልቅ ከተሞች ሲርቁ ሐላል ሥጋ ማግኘት ይቸግራል፤ ስለዚህ ከቤት ያዝን። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሳምቡሳ፣ አብስለን ያቀዘቀዝነው ጥብስ። ምድጃ ያለው ክፍል ብለን አስቀድመን ብንይዝም ስንደርስ ያገኘነው ማይክሮዌቭ ብቻ ነበር። በማይክሮዌቭ የተሠራ የድርቆሽ ፍርፍር ለማንም አንመክርም፤ ግን ተበላ። የጎደለውን ከገበያ ስንሞላ 48 ዶላር ከፖስታው ወጣ።

ከፈጅር ሶላት በኋላ የጉዞ ዱዓ አድርገን ነበር የተነሳነው። በሸናንዶዋ የተራራ መንገድ 31 ማይል ያህል ተጉዘን በሉሬይ በኩል ወደ 81 ቁጥር አውራ ጎዳና ወረድን። በሉሬይ ታዋቂ ዋሻ አለ፤ ለአምስታችን ከ100 ዶላር በላይ ስለሚያስከፍል በመስኮት ብቻ ተሰናበትነው። ከቀትር በኋላ በአንድ ማረፊያ ቦታ ዙህርና ዐስርን ሁለት ሁለት ረከዓ አሳጥረን በአንድነት ሰገድን፤ የመዝሀቡን ዝርዝር ለኡስታዞች እንተወዋለን። ሰላም ብለን ስንዞር አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ከፒክአፕ መኪናቸው ወርደው ቆመው አገኘን። ልባችን ትንሽ ደንገጥ አለ። ሰውዬው ግን ከመኪናው አጠገብ ተንበርክከን ሲያዩን ጎማ የፈነዳብን መስሏቸው፣ ክሪክ ይዘው ነበር የመጡት። መጸለያችንን ስንነግራቸው ይቅርታ ጠየቁ። ሳምቡሳ ሰጠናቸው፤ «ያቃጥላል» እያሉ ሁለት በሉ።

ተራራውን እንዴት እንግለጸው? ኬድስ ኮቭ የሚባለውን 11 ማይል የዙሪያ መንገድ በዝግታ ስንጓዝ ሁለት ግልገሎች ያሏት ጥቁር ድብ ከሩቅ አየን። ከድብ ቢያንስ 50 ያርድ መራቅ ሕግ ስለሆነ ከመኪናችን አልወረድንም። ታላቋ ልጅ ስልኳን አስቀምጣ የታናሽዋን ትከሻ ይዛ ታያለች። ማታ ማታ አምስታችን በአንዲት ክፍል ተጨናንቀን ስንተኛ ልጆቹ እስከ እኩለ ሌሊት ይስቃሉ፤ በቤታችን ያን ሰዓት አንዳችን ሥራ ላይ ነን።

አንድ የሳትነውን ነገር ሳንናገር አናልፍም። በፖስታው ሂሳብ ውስጥ ያላስገባነው ወጪ ነበረ፤ ሁለታችንም ያለ ክፍያ የቀረንባቸው የሥራ ቀናት። የቀረብን ደሞዝ ከነዳጁም፣ ከሆቴሉም፣ ከምግቡም ድምር ይበልጣል። በሰዓት እየተከፈላችሁ የምትሠሩ ወላጆች፣ ይህን ከሁሉ በፊት ጻፉት። ቀድመን ብናውቀው ኖሮ ምናልባት አንድ ቀን እንቀንስ ነበር። ጉዞውን ግን አንሰርዘውም ነበር።

ሐሙስ ማታ በሰላም ገባን፤ አልሐምዱሊላህ። ከፖስታው 37 ዶላር ተረፈ። መካከለኛው ልጅ ለአያቱ ይጨመር አለ። ትንሹ የአይብ ፒዛ ይገዛ አለ። ክርክሩ ስለ ጠነከረ እንደገና ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ድምፅ ሰጠን፤ ፒዛው 3 ለ 2 አሸነፈ።