ከአዋሽ ቡፌ እስከ ገላፊ

ከአዲስ አበባ ሳይነጋ ወጣን። ረዳቱ እስከ አዋሽ ሰባት 600 ብር ተቀብሎ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ለሦስት የተሠራውን ወንበር ለአራት አደረገው። አዳማን ቁርስ ሳንቀምስ አለፍናት። መተሐራ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። እዚያ የበሰቃ ሐይቅ ዓመት ከዓመት እየሰፋ አስፋልቱ ጥግ መጥቷል፣ ከውሃው ወዲህ ደግሞ የፈንታሌ ተራራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ተዘርግቷል። የአዋሽን ፓርክ ስናቋርጥ ሳላ አያለሁ ብዬ አንገቴን አሰገግሁ፤ ያየሁት ከብትና ከብት የሚያግድ ልጅ ነው።

አዋሽ ሰባት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዋናው መንገድ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በባጃጅ 50 ብር ከፈልሁ። ቡፌው ከሐዲዱ አጠገብ ነው። የከተማው ሰው «ቡፌ» ብሎ ነው የሚጠራው፣ በፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ ዘመን የተሠራ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ግቢው በቡገንቪሊያ የተሸፈነ ቤት ነው። ከውጭ አቧራና ቆርቆሮ ብቻ ሲያይ የቆየ ዓይን በሩን እንዳለፈ ትንሽ ይደናገራል። ሐምራዊው፣ ነጩና ብርቱካናማው አበባ ተጠላልፎ ጣሪያ ሆኗል። አንዱ ግንድ የሰው ጭን ያህል ወፍሮ በበረንዳው ምሰሶ ላይ ተጠምጥሟል፤ ምሰሶው ይሸከመው፣ እሱ ምሰሶውን ይደግፈው፣ መለየት አልቻልሁም። አንድ አዛውንት ከቢጫ ጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ለእያንዳንዱ ግንድ ሥሩ ላይ ቀስ አድርገው ያፈሳሉ፣ ውሃው እስኪሰርግ ቆመው ያዩታል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። «በየቀኑ ነው አባባ?» አልኋቸው። «አንድ ቀን ብንረሳቸው ያኮርፋሉ» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

እንዲህ ያለ ግቢ እዚህ በረሃ አፋፍ ላይ ምን አመጣው? መልሱ የባቡሩ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ሚኒስትሩም ነጋዴውም አምባሳደሩም ከዚህ ማለፍ ስለማይችል አልጋ፣ ወጥ ቤትና ጥላ ግድ ሆነ። ዛሬ ዓይተን «ቅንጦት» የምንለው ግቢ የተተከለው ለደከመ መንገደኛ ነው። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም የአዋሽን ወንዝ መጨረሻ ሊፈልግ በኅዳር 1926 ዓ.ም. ግመሎቹን ጭኖ የተነሣው ከዚሁ ጣቢያ ነው።

የእንግዶቹን ቤት አስተናጋጇ አሳየችኝ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ የእንጨት፣ አልጋው አጎበር የተጣለበት። «ጃንሆይም፣ ደ ጎልም እዚህ አርፈዋል» አለች። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ኢትዮጵያን የጎበኙት በነሐሴ 1958 ዓ.ም. ነው። የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳረፉ ስጠይቅ እሷ አንዱን በር ጠቆመች፣ አዛውንቱ ግን ጣሳቸውን ይዘው መጥተው «ኧረ ልጄ፣ ያኛው ነው» አሉ፤ ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። እኔ ከሁለቱም ውጭ ባለ ክፍል በ700 ብር አደርሁ። እራት ስፓጌቲ በሥጋ ነበር፣ ሽንኩርቱ የበዛ፣ ግን ትኩስ። ሌሊቱን የባቡር ድምፅ አልሰማሁም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሐዲድና የራሱ ጣቢያ አለው፣ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ፍየሎች ተኝተው ነው ያየሁት።

በማግሥቱ ወደ ሰሜን። ከአዋሽ አርባ በኋላ እስከ ገዋኔ መንገዱን ግራና ቀኝ ያጠረው አረንጓዴ ቁጥቋጦ ደስ አሰኝቶኝ «ለምለም አገር ነው» ብል፣ አጠገቤ የተቀመጠው የአፋር ወጣት ሳቀብኝ። ፕሮሶፒስ ነው፤ በመስኖ እርሻዎቹ አካባቢ ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተብሎ የተተከለ፣ አሁን የግጦሹን መሬት የወረሰ። «ይሄን ማንም ውሃ አያጠጣውም» አለኝ ወጣቱ። ግመሎቹ ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሄዱበት እንደሚበትኑትም ነገረኝ። ከሚሌ በኋላ ሎጊያ፣ ቀጥሎ ሰመራ። ሰመራ ሰፊ አስፋልት፣ ትልልቅ ሕንፃና ትንሽ ሰው ያላት ከተማ ሆና ታየችኝ፤ ቀን ላይ ስለደረስሁ ይሆናል። ሰው ሁሉ ከፀሐይ ተጠልሎ ነበር። ሎጊያ ላይ የፍየል ጥብስ በላሁ፣ ለዋጋው የማይነቀፍ።

ድንበር ላይ ወዳለችው ገላፊ የወሰደኝ ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ተሳቢ ነው። ሹፌሩ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ውሃ ብቻ አስገዛኝ፣ ያውም ለራሴ። ሰርዶን አሳየኝ፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳት ከተማ ናት። ዲቾቶ ላይ መንገዱ ይከፈላል፣ አንዱ ወደ አሰብ ነበር፣ የእኛው ወደ ቀኝ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፣ መስኮቱ ቢከፈትም ቢዘጋም ሙቀቱ ያው።

ገላፊ የተሰለፉ ተሳቢዎች፣ ከጎናቸው በላስቲክና በቆርቆሮ የተሠሩ ሻይ ቤቶች። ከሻይ ቤቶቹ ራቅ ብሎ አንዲት የአፋር እናት ደቦይታቸው ውስጥ አስገቡኝ፤ የታጠፈ እንጨት ላይ የዘንባባ ሰሌን የለበሰ ክብ ቤት፣ ሴቶቹ ራሳቸው የሚተክሉትና ሲነሡ ነቅለው ግመል ላይ የሚጭኑት። ወገቤን አጥፌ ስገባ ከውጭው ቀዘቀዘኝ፣ በሰሌኑ ቀዳዳ ነፋስ ይገባል፣ ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ ወንፊት ጥላ ይንጠባጠባል። አልጋው በጠፍር የታሠረ እንጨት ነው። የግመል ወተት ሰጡኝ፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ወደድሁት። እናትየዋና ወንድ ልጃቸው እኔን እያዩ አንድ ነገር ተባብለው ሲስቁ ልጁን «ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። እስካሁን አላወቅሁትም።

ሹፌሩ ወረቀቱን ጨርሶ ድንበሩን ሲሻገር እኔ ወደ ሎጊያ በሚመለስ ሚኒባስ በ400 ብር ተሳፈርሁ። ከጎኔ የተቀመጠ ነጋዴ ለነገ ማለዳ ወደ አሳይታ የሚሄድ መኪና ከየት እንደሚነሣ እየነገረኝ ነበር፣ ዘግይቼ እንዳልደርስ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ።