የኦንላይን ጌም ክፍያ አብርሃ ጅራ ላይ ያዋጣል?

«በዚህ ኑሮ ስለ ጌም ታወራለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ውጭ ያለ ዘመድ ያገለገለ ፒኤስ4 በላከበት ቤት ሁሉ ጥያቄው አለ፦ ኦንላይን ለመጫወት በየዓመቱ ዶላር መክፈል ያዋጣል ወይ?

ክፍያው ምን እንደሆነ እንይ። ኮንሶሉ ተገዝቷል፣ ጨዋታው ተገዝቷል፣ የኢንተርኔት ፓኬጁም ተሞልቷል። ከዚህ በኋላ ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት ለመጋጠም ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባል አባልነት ይጠየቃል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፒኤስ3 ላይ ኦንላይን መጫወት ነጻ ነበር፤ ግዴታ የሆነው በ2013 እ.ኤ.አ. ከፒኤስ4 ጋር ነው። ስለዚህ ክፍያው የንግድ ውሳኔ እንጂ የቴክኒክ ግዴታ አይደለም።

ዋጋውስ? መስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛው ዓመታዊ አባልነት በአሜሪካ ከ60 ወደ 80 ዶላር ገደማ ከፍ አለ። ያኔ ዶላር በባንክ ከ60 ብር በታች ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ግን ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 80 ዶላር ከ8,000 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ፕሌይስቴሽን ከሚያስመዘግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። የሌላ አገር ነዋሪ መስሎ መመዝገብ፣ ለክፍያውም የዘመድ ካርድ መለመን ነው።

ሌላም አለ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ኔትወርክ ሲጠፋ የአባልነቱ ቀን መቁጠሩን አያቆምም። ያልተጫወትክበትን ወር የሚመልስልህ የለም።

ጌም ቤት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠህ፣ የምታውቀውን ልጅ ገጥመህ፣ ተሸናፊ ይከፍላል። መብራት ከሄደ ትነሳለህ፤ ዕዳ የለብህም። ተጋጣሚ ብቻ ለሚፈልግ መልሱ እዚያው ነው።

የሚከብደው ሌላው ጉዳይ ነው። ካናዳ ያለው የአክስቴ ልጅ «የዓመቱን ልክፈልልህና አብረን እንጫወት» ብሎኛል። እሱ ተጋጣሚ አላጣም፤ የፈለገው እኛን ነው። ከዚህ ቆላ በመተማ በኩል ወጥቶ በየአገሩ የተበተነው የእድሜ እኩያችን ብዙ ነው። ስልክ ስንደዋወል ወሬያችን ጤና፣ ሰላም፣ ገንዘብ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጌም ላይ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ መሳደብና መሳሳቅ አለ። ይህ ዋጋ የለውም ብዬ አልከራከርም።

ግን ለዚህም 80 ዶላር አያስፈልግም። ኢፉትቦልና ፎርትናይት ያለ አባልነት ኦንላይን ይሠራሉ፤ የፕሌይስቴሽን የድምፅ ወሬም ነጻ ነው። ኔትወርኩ በሚፈቅድበት ምሽት በእነዚህ መገናኘት ይቻላል። እንዲህ ብዬ መለስኩለት፤ የተረፈውን ዶላር ደግሞ ለእናቱ ቢልክላት እንደሚሻል ጨመርኩበት።

እናንተም ዘመድ «ልክፈልልህ» ሲላችሁ አስቀድማችሁ የሚከፈለው ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ለጨዋታው ከሆነ ጌም ቤቱ ቅርብ ነው። ለናፍቆት ከሆነ በነጻው ጀምሩ።