«መቼ ነው የሚጀምረው?»

የልጅ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። እናቱ ዱባይ መሥራት ከጀመረች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ እሱ የሚያድገው ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ነው። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ስትመጣ ጌም የሚያጫውት ትልቅ ላፕቶፕ ይዛለት መጣች። ለመግዛት ስንት ወር እንደሠራች ለእኔ ነግራኛለች፤ ለእሱ እንዳልነግረው ግን አስምላኛለች።

ልጁ መጀመሪያ ላይ የሚጫወተው ሳሎን፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የሁለት ሰዓት ዜና ስከታተል የጌሙ ጩኸት ጆሮዬን ያደነቁረኛል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «ይህን ጩኸት ይዘህ ከፊቴ ጥፋልኝ!» አልኩት። ላፕቶፑን አቅፎ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ ግን የልጁ ጠባይ ተለወጠ። እራት ላይ አይናገርም። ከክፍሉ አንዳንዴ «ኤጭ!» ሲል ይሰማል፤ አንዳንዴም ግድግዳ ሲመታ። ባለቤቴ «አመመው እንዴ?» ትለኛለች። እኔ ግን ምርመራዬን ጨርሼ ነበር፤ የጌም ሱስ ይዞታል ብያለሁ። መድኃኒቱም ላፕቶፑን ቁም ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ነው።

አንድ ማታ ልቀማው ገባሁ። ላፕቶፑ ተዘግቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ልጁ ከጎኑ አንገቱን ደፍቷል። እኔ አንድ ቃል ሳልናገር ቀና ብሎ «አባባ፣ እኔ አልሰበርኩትም» አለኝ።

የመጣሁበትን ረሳሁት። «ምን ሆነ?» ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ስታክ ያደርጋል። እማዬ ለዚህ ላፕቶፕ ስንት ወር እንደሠራች አውቃለሁ። ከሰማች አበላሸው ትላለች።» ለካ ሁለት ወር ሙሉ ይህን ይዞ ብቻውን ሲታገል ነበር። ደብተሩን አውጥቶ አሳየኝ። የሞከረውን ሁሉ በቀን በቀኑ ጽፎታል።

ነገሩን ሲያስረዳኝ ያን ያህል ከባድ አልሆነብኝም። ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ የሚመስለን ነገር በፍጥነት የሚፈራረቅ የቆመ ሥዕል ነው። አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። ጌም ግን ተጫዋቹ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ወዲያው መልስ መስጠት ስላለበት ብዙዎች ቢያንስ 60 ይፈልጋሉ። የእሱ ላፕቶፕ በ60 ይጀምርና በድንገት ወደ 20 ይወርዳል። ያኔ ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ ኳስ የያዘው ተጫዋች እዚህ ሲሉት እዚያ ይገኛል።

እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። የጭነት መኪና ግን 27 ዓመት ነድቻለሁ፤ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስም አብዛኛው ሥራዬ የአሰብ መንገድ ነበር። ኤንትሬ የምንለው ፊያት ከወደቡ ጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በሚሌ በኩል ወደ ባቲና ኮምቦልቻ ዳገት ሲወጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መኪና ሲበላሽ ጥሩ መካኒክ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ነካው?» ብሎ አይደለም። «መቼ ነው የሚጀምረው?» ነው የሚለው። ሲነሳ ነው ወይስ ሲሞቅ? ዳገት ላይ ብቻ ነው ወይስ ሜዳ ላይም?

ልጁንም እንደዚያ ጠየቅሁት።

«ስከፍተው ደህና ነው። 15፣ 20 ደቂቃ ስጫወት ይወርዳል። ዘግቼ ትንሽ ሳቆየው ደግሞ ይስተካከላል።»

«ኢንተርኔቱ ይሆን?»

«ያለ ኢንተርኔት የምጫወተውም ያው ነው።»

«ቻርጀሩስ?»

«ሁልጊዜ እንደተሰካ ነው።» ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ጌም ላይ እንደሚዳከም ነገረኝ። ከጀርባ የሚያወርደው ነገር እንዳለም አይቷል፤ ድራይቨሩንም አድሷል። ለውጥ የለም።

ሲሞቅ የሚታመም፣ ሲበርድ የሚድን ነገር ለእኔ የማውቀው በሽታ ነው። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ «ሳሎን መጫወት ካቆምኩ በኋላ» አለ።

«አሁን የት ነው የምትጫወተው?»

አልጋውን አሳየኝ። ላፕቶፑን ፍራሹ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዙሪያውን ብርድ ልብስ ይከምርበታል። «ድምፁ እርስዎን እንዳይረብሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ላፕቶፑን ገልብጬ ሆዱን አየሁት። አየር የሚስብባቸው ቀዳዳዎች እዚያ ናቸው፤ ሲጫወት ፍራሹ ሁሉንም ይደፍናቸዋል ማለት ነው። መኪና ቢሆን ራዲያተሩ ላይ ብርድ ልብስ አልብሶ ዳገት እንደ መውጣት ነው። በአንድ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከኤንትሬ ይሻላል። መኪና ሲግል ሹፌሩ ጌጁን አይቶ ካላቆመ ሞተሩ ይነክሳል። ኮምፒውተር ግን ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ልጁን ሁለት ወር ያስጨነቀው የፍሬም መውረድ ላፕቶፑ ራሱን የሚያድንበት መንገድ ነበር።

በዚያው ማታ ላፕቶፑን ወደ ሳሎን መልሰን፣ ከኋላ በኩል ከሥሩ ሁለት መጽሐፍ አስገብተን ከጠረጴዛው ከፍ አደረግነው። ከግማሽ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ቁጥሩ 45 ላይ ቆመ። ተሻለው እንጂ አልዳነም። በማግስቱ ጠጋኝ ዘንድ ይዘነው ሄድን። ሲከፈት በማራገቢያውና ሙቀቱን በሚያወጡት ስስ ብረቶች መካከል አቧራ እንደ ተባዘተ ጥጥ ተጋግሮ አገኘነው። የሰፈራችን መንገድ ሲቆፈር የከረመ ስለሆነ አልገረመኝም። በፕሮሰሰሩና ሙቀቱን በሚቀበለው መዳብ መካከል የሚቀባው ቅባትም ደርቋል። ጠጋኙ አቧራውን ጠርጎ፣ ቅባቱን ቀይሮ መለሰልን። ማታ 60 ገባ፤ አንድ ሰዓት ሙሉም ከዚያ ብዙም ዝቅ አላለ።

ቤታችሁ ተመሳሳይ ነገር ቢገጥማችሁ ከዚህ የተማርነውን ላካፍላችሁ። ችግሩ የሚመጣው ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ሙቀትን ጠርጥሩ። ላፕቶፑ አልጋ፣ ሶፋ ወይም ጭን ላይ ሳይሆን ጠንካራ ነገር ላይ ይቀመጥ። ገና ሲከፈት ጀምሮ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ጌሙ ለማሽኑ ከብዶት ይሆናል፤ የሥዕሉን ጥራት ከሴቲንጉ ዝቅ አድርጎ መሞከር ነው። ቻርጀሩ በትክክል መሰካቱን፣ ከጀርባም ሌላ ፕሮግራም አለመክፈቱን እዩ። አቧራ ስትጠርጉ መጀመሪያ አጥፉትና ከሶኬት ንቀሉት፤ እርጥብ ጨርቅም አታስጠጉ። በአየር የምትነፉት ከሆነ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር ያዙት። መክፈት ካስፈለገ ለባለሙያ ተዉት፤ ዋስትናው ካላለቀ ደግሞ ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ።

ዓርብ እናቱ ስትደውል ልጁ ራሱ ነገራት። «እማዬ፣ ላፕቶፑ ታሞ ነበር፤ ከአባባ ጋር አዳንነው» አላት። ስልኩን ተቀብዬ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳት፤ ከሳሎን ያባረርኩት እኔ ነኝና። ትንሽ ዝም አለችና «አባዬ፣ ማዳመጫ አይገዙለትም ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። መላው ያን ያህል ቀላል ነበር፤ እኔ ግን ዜናዬን ከመስማት ሌላ ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

አሁን ማዳመጫ ተገዝቶለታል። ዜና ሲጀምር ጆሮው ላይ ያደርግና ከጎኔ ይጫወታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ወንበሬን አስጠግቼ በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ቁጥር አብሬ አያለሁ።

«60 ነው፣ አባባ» ይለኛል።

«ጌጁን እያየህ ንዳ» እለዋለሁ።