ስለ ኳስ መሰላልና ስለ ልጃችን

የልጅን ስም የሚያወጣ አባት ነው፤ የልጅን ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ልጁ ራሱ ነው። ይህም ነገር ለአባት የሚከብደው ልጁ ክፉ ሥራ የመረጠ እንደ ሆነ ብቻ አይደለም፤ አባቱ የማያውቀውን ሥራ የመረጠ እንደ ሆነም ይከብደዋል። የማያውቁትን ነገር መከልከል ቀላል ነው፤ መመርመር ግን ድካም አለው። እኛም በቤታችን የደረሰውን ነገር ለአንባቢዎች ብንገልጸው፥ እንደ እኛ አሳብ ለገባው ወላጅ ምናልባት ይጠቅም ይሆናል ብለን ይህን ጽፈናል።

እኛ በሎጊያ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነን። ሎጊያ በአፋር ምድር በሰመራ አጠገብ፥ ከአዋሽ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ትልቅ ጐዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። የጭነት መኪና ቀንም ሌሊትም ስለሚያልፍባት የከተማይቱ ዐይን ፈጽሞ አይከደንም። ደጋው ዝናም በሚያይበት ወራት በዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣልና፥ ሰው ሁሉ የሚበረታው በማለዳና በምሽት ነው። ፀሓይ ዘቅዘቅ ስትል ልጆች ከየደጁ ይወጡና፥ ሁለት ሁለት ድንጋይ ለግብ አቁመው በአቧራው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። የአፋሩ ልጅ፥ የወሎው ልጅ፥ የሾፌሩና የነጋዴው ልጅ ሁሉ አንድ ላይ ነው። የበኩር ልጃችንም ያደገው በዚያው አቧራ ውስጥ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፥ በሰመራ ከተደረገ የወጣቶች ውድድር በኋላ፥ የአንድ የእግር ኳስ ቡድን ሰው ወደ ቤታችን መጣ። ልጃችን ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ሰውየውም በትሕትና ተቀምጦ ቡና ከጠጣ በኋላ፥ «ጌታዬ፥ ልጅዎ እግር አለው፤ በአንደኛ ሊግ ለሚጫወተው ቡድናችን ለሁለተኛው ዙር እንፈልገዋለን፤ በዚህ ሳምንት ይምጣልን» አለን። ባለቤታችን ይህን ስትሰማ ስኒውን ሳትሰበስብ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የመንግሥት ፈተና የቀረው ጥቂት ወር ብቻ ነበረና።

እኛ ለጨዋታ ጠላት አይደለንም። በልጅነታችን በደጋ አገር ለልደት በዓል ገና ተጫውተናል፤ ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይዘን የእንጨቷን ሩር እያሯሯጥን ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው መንደር ስንነዳ፥ ቅልጥማችን ያልተመታበት ዓመት አልነበረም። ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፥ በነፋስ የተነፋ ኳስ አየን፤ ጨዋታም እንደ ፍርድ ነገር የተጻፈ ሕግና ዳኛ እንዳለው ተማርን። ወደ አፋር ምድር ከመጣን ወዲህ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ስለ ኮሶ አጫውተውናል። ኮሶ የአፋሮች የጥንት ጨዋታ ነው፤ ከፍየል ቆዳ የተጠቀለለ ኳስ ይዘው፥ ብዙ ሰው ከብዙ ሰው ጋር በሜዳ ላይ የሚታገልበት ነው። ስለዚህ ይህ አገር ኳስን ከውጭ አገር ሰው ብቻ ተማረ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ገናም ኮሶም እንጀራ አልነበሩም። ልጃችን የፈለገው ኳስን እንጀራ ለማድረግ ነው፤ እኛንም ያሳሰበን ይኸው ነው።

ስለዚህ እንደ ሥራችን ልማድ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ጀመርን። በአገራችን የእግር ኳስ ላይኛው ወንበር በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሪሚየር ሊግ ነው። ከእርሱ በታች ከፍተኛ ሊግ አለ፤ ከዚያም በታች አንደኛ ሊግ አለ፤ ከዚህ ሁሉ በታች የክልልና የከተማ ውድድር አለ። እንግዲህ አንደኛ ሊግ የተባለው ስሙ አንደኛ ነው፤ ማዕርጉ ግን ሦስተኛ ነው። ይህን የማያውቅ አባት ልጁ ከላይኛው ወንበር የደረሰ መስሎት ደስ ሊለው ይችላል፤ እኛም ለግማሽ ቀን ያህል ደስ ብሎን ነበር።

መሰላሉ ግን እውነተኛ መሰላል ነው፤ የወጡበት አሉ። ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ በ2009 ዓ.ም. አልፎ፥ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በነጥብ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እኩል ሆኖ በግብ ብልጫ ነው ያሸነፈ። ፋሲል ከነማም ከታች ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን ወደ ጎንደር ወሰደ። ነገር ግን መሰላል ለመውጫ ብቻ አልተሠራም። ያው ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫውን በወሰደ በአራተኛው ዓመት በ2014 ዓ.ም. ወደ ታች ወረደ። በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፥ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ ሦስቱ አንድ ላይ ወጡ፤ በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ዋንጫውን ሲያነሣ፥ ሁለቱ ጓደኞቹ በዚያው ዓመት ተመልሰው ወረዱ። በአንድ በር ከገቡት ሦስቱ፥ አንዱ ለአክሊል ሁለቱ ለስንብት ሆኑ ማለት ነው።

ይህ መሰላል በሌላውም ዓለም አለ። በሰሜን አሜሪካ በበረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ ሆኪ ይሉታል፤ ከእኛ ገና ጋር በዱላው ዘመድ ይመስላል። በዚያ ከታላቁ ሊግ በታች፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. የተጀመረ ሌላ ሊግ አለ። በላይኛው ሊግ ካሉት ተጫዋቾች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በዚህ በታችኛው በኩል እንዳለፉ ሊጉ ይናገራል። የታችኛው ቡድን እያንዳንዱ ከላይኛው ቡድን ጋር የታሰረ ነው፤ ስለዚህ ከላይ አንድ ሰው የታመመ ወይም የተጐዳ እንደ ሆነ፥ ከታች አንዱ በሌሊት ተጠርቶ ይሄዳል፤ በሳምንቱም ሊመለስ ይችላል። በእኛ አገር ግን የሚወጣው ተጫዋቹ ብቻውን ሳይሆን ቡድኑ ነው። ቡድኑ የወጣ እንደ ሆነ አዳዲስ ተጫዋች ያስመጣና፥ ያወጣውን ልጅ ከታች ትቶት ይሄድ ይሆናል። ቡድኖቻችንም ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ነውና፥ በጀቱ ያጠረ እንደ ሆነ የልጁ ደመወዝ ያጥራል። ይህን ልዩነት አባት ሊያውቀው ይገባል።

እኛስ የተማርነው ምን ዐይነት መሰላል ነበር? ብለን ደግሞ ራሳችንን ጠየቅን። በልጅነታችን ፊደል ቈጥረን ዳዊት ደግመን ቅኔ ቤት ገባን። ከእኛ ጋር ቁራሽ እየለመኑ የተማሩት ብዙ ነበሩ። ለቅኔ ዋሸራ፥ ለድጓ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ መድረስ የሁሉ ምኞት ነበረ፤ የደረሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኛም ከመንገድ ከቀሩት አንዱ ነን። ነገር ግን ከመንገድ የቀረነው ሁሉ ባዶ እጃችንን አልቀረንም፤ ንባቡና ጽሕፈቱ ዛሬ እንጀራችን ነው። ስለዚህ በመሰላል ላይ ለሚወጣ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ ከላይ ትደርሳለህን ብቻ አይደለም፤ ከመካከል የቀረህ እንደ ሆነ በእጅህ ምን ይዘህ ትወርዳለህ የሚለውም ነው።

አሁን የምንነግራችሁ ነገር ለእኛ የሚያሳፍር ነው፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ጽሑፋችን ሐሰት ይሆናል። የእኅታችን ልጅ ከስምንት ዓመት በፊት እንዲሁ ወደ አንድ ቡድን ተጠርቶ ነበር። የሥራ ውሉን ይዞ በምሳ ሰዓት ወደ ቢሯችን መጣና፥ «ጋሼ፥ እማኝ ሁነኝ» አለን። እኛ የሰውን ሁሉ ውል ቃል በቃል የምንመረምር፥ አንዲት ነጥብ የጐደለችበትን ማመልከቻ የምንመልስ ጸሐፊ፥ ያን ቀን ወረቀቱን ሳናነብ ፈረምን። ልጁ ሦስት ቡድን ዞረ። በሦስተኛው ቡድን ጕልበቱ ተጐዳ፤ ስለ ሕክምና በውሉ አንድም ቃል አልተጻፈም ነበር፤ የአምስት ወርም ደመወዝ ቀረበት። ሊከስስ ባሰበ ጊዜ የውሉን ግልባጭ ጠየቅነው። ግልባጭ አልሰጡትም ነበር። የእኛ ፊርማ ያለበት ወረቀት እንኳ በእጃችን አልነበረም። ዛሬ በሎጊያ ከመኪና ማቆሚያው ዘንድ ጎማ እየጠገነ ይኖራል።

የቡድኑ ሰው በሄደ ማግሥት ቤተ ሰቡን ሁሉ ሰበሰብን፤ የእኅታችንንም ልጅ አስጠራነው። በእውነቱ ያስጠራነው ጕልበቱን አሳይቶ ልጃችንን ያስፈራልናል ብለን ነበር። ባለቤታችን አስቀድማ፥ «እኔ እግሩን አልጠላም፤ ግን እግር ይሰበራል፤ ያነበቡት ነገር አይሰበርም» ብላ ተናገረች። ልጃችንም አንገቱን ደፍቶ፥ «አባባ፥ ብቀር እቀራለሁ፤ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ያን መንገድ እያየሁ ነው የምኖረው» አለ። ከዚህ በኋላ የእኅታችን ልጅ ተናገረ። እጁ ላይ ያለውን ጥቁር ቅባት እየጠረገ፥ «ጋሼ፥ እኔ በመሄዴ አልተጸጸትኩም፤ በስታዲየም ውስጥ ሕዝብ ስሜን ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። የተጸጸትኩት ያለ ወረቀት በመሄዴ ነው። ይሂድ፤ ግን ወረቀቱን አንተ አንብብለት» አለን። በነገሩ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ስለዚህም ይልቁን ወጋን። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

በማግሥቱ ለቡድኑ ሰው አራት ነገር ጽፈን ሰጠነው። አንደኛ፥ ልጁ የመንግሥት ፈተና ሳይፈተን ከቤት አይወጣም። ሁለተኛ፥ ደመወዙ በየወሩ በስሙ በባንክ ይገባል። ሦስተኛ፥ በጨዋታ ወይም በልምምድ የተጐዳ እንደ ሆነ ሕክምናው በቡድኑ ወጪ ይሆናል። አራተኛ፥ ውሉ በፌዴሬሽን ተመዝግቦ ግልባጩ በእጃችን ይገባል። ሰውየው አንብቦ ፈገግ አለና፥ «ጌታዬ፥ እስከ ዛሬ አባት እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥቶን አያውቅም» አለ። እኛም፥ «ይህ የእኛ ጥፋት እንጂ የእናንተ ብቻ አይደለም» ብለን መለስንለት። አለቆቹን ጠይቆ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ሦስቱን ተቀበሉ። ሕክምናውን ግን በጨዋታ ለደረሰ ጕዳት ብቻ እንጂ በልምምድ ለደረሰው አንችልም አሉ። ለልምምዱ ጕዳት ከራሳችን ደመወዝ በየወሩ ጥቂት ልናስቀምጥ ከባለቤታችን ጋር ተስማማን። ወሬውም እንደ አፋሮች ዳጉ ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ፥ በሦስተኛው ቀን ሁለት አባቶች የልጆቻቸውን ውል ይዘው ወደ ደጃችን መጡ።

ልጃችን ተፈተነ፤ በአዲሱ ዓመትም ሄደ። እስከ አሁን ያለው ነገር ታላቅ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ከተጠባባቂዎች ወንበር አልተነሣም። ባለፈው ሳምንት በስልክ፥ «አባባ፥ 20 ደቂቃ ተጫወትኩ» አለን። እናቱም፥ «ጕልበትህስ?» ብላ ጠየቀችው። ከላይኛው ወንበር ይድረስ ወይም ከመንገድ ይቅር፥ ለጊዜው የሚናገር ሰው የለም።

እንግዲህ የተከበራችሁ ወላጆች፥ ይልቁንም በሹመትና በአስተዳደር ላይ ያላችሁ፥ ለከተማ ቡድን በጀት የምትፈርሙ ሰዎች፥ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። በቤታችሁ፥ ልጃችሁ ኳስ የመረጠ እንደ ሆነ በቍጣ አትከልክሉት፥ በደስታም ብቻ አትሸኙት፤ መሰላሉን መርምሩለት፥ ትምህርቱን አስጨርሱት፥ ውሉን አንብቡለት። በመሥሪያ ቤታችሁ ደግሞ፥ በጀቱን ስትፈርሙ ከቍጥሩ በስተ ኋላ የአንድ እናት ልጅ እንዳለ አስቡ። አባት ኰንትራት ሳያነብ ቢፈርም የሚጐዳው የራሱ ወገን ነው፤ ሹም ሳያነብ ቢፈርም ግን የሚጐዳው የብዙ ሰው ልጅ ነው። እኛ ይህን የተማርነው በሌላ ሰው ጕልበት ነው፤ እናንተ ግን በዚህ ወረቀት ብትማሩት ይሻላል።