የጭቃ ጎማ ለማን?

የቤትዎን መኪና ጎማ ሊቀይሩ ከሆነ፣ ሻጩ ያን ባለ ትልልቅ ጥርስ የጭቃ ጎማ ሲያሳይዎ መማረክዎ አይቀርም። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ጭቃ የሚረጭ መኪና ፎቶ ምን ያህል ገዢ እንደሚስብ አውቃለሁ። እርስዎ ግን አስቀድመው «መኪናዬ በዓመት ስንት ቀን ጭቃ ውስጥ ይገባል?» ብለው ይጠይቁ።

እኛ ቤት ጥያቄው የጌጥ አልነበረም። አማቴ ከጊንጪ ወጣ ብሎ ገጠር ይኖራሉ፤ የደም ግፊት አለባቸው። እስከ ጊንጪ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዋልካ ግን ክረምት ሲገባ መኪና ይውጣል።

የጭቃ ጎማ ጥርሶች ትልልቅና የተራራቁ ናቸው። ጎማው ሲሽከረከር በመካከላቸው የገባውን ጭቃ እየተፋ መሬቱን ይቧጥጣል፤ የተራው ጎማ ጥርስ ግን በጭቃ ይደፈንና ይንሸራተታል። ዕዳው የሚመጣው አስፋልት ላይ ነው፤ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ፍሬን ሲይዙ መኪናው ርቆ መቆሙ ነው። ልጆቼን በየማለዳው ትምህርት ቤት የማደርሰው ደግሞ በዚያው መኪና ነው።

ስለዚህ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነውን፣ ኤቲ የሚባለውን መካከለኛ ጎማ ገዛን። ዋልካ ላይ ግን የጭቃ ጎማን ያህል አይሆንም፤ እናም አማቴ ሐምሌንና ነሐሴን እኛ ጋ እንዲከርሙ ተስማማን።

ሥራዎ በየቀኑ ገጠር ለገጠር ከሆነ ግን የጭቃ ጎማውን ይግዙ። የትኛውንም ቢመርጡ ከጎማው ጎን የታተሙትን የምርት ቀን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2324 ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024፣ በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ ጎማ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ አርጅቷል።