የጀጎል በሮች

የሐረር ጀጎል ግንብ ከጥንት የመጡ አምስት በሮች አሉት። ስማቸው ግን እንደ ጠሪው ይለያያል። በአማርኛ ኤረር በር የሚባለው ለሐረሪው አርጎብ በሪ ነው። ሸዋ በር አስማዲን በሪ፣ ቡዳ በር በድሮ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ፈላና በር ደግሞ አሱም በሪ ይባላል። የሐረሪው «በሪ» የአማርኛው «በር» ወንድም መሆኑን ለመረዳት የቋንቋ ሊቅ መሆን አያሻም። በኤረር በር በኩል ጠዋት ጠዋት ማገዶ፣ አትክልትና ወተት የሚያስገቡት የገጠር ሴቶች ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ የሚቀበሏቸው የከተማ ሴቶችም በዚያው በኦሮምኛ ይከራከሯቸዋል፤ ወደ ጓዳቸው ሲመለሱ ግን ቋንቋው ሌላ ነው። ስለ ሰው አሰፋፈር የሚጠና ትምህርት አራት ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ሰው አለ፣ ከየት መጣ፣ ምን ያምናል፣ በምን ይነጋገራል። በመማሪያ መጻሕፍት አራቱም በየምዕራፋቸው ተነጣጥለው ይቀርባሉ። በሐረር በር ላይ ለቆመ ሰው ግን አራቱም በአንድነት ተጭነው ይገባሉ።

የቦታው አቀማመጥ መቅደም አለበት። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ወይና ደጋ ናት። በምዕራብ የጨርጨር ደጋ፣ በምሥራቅና በደቡብ ወደ ኦጋዴን የሚወርደው ቆላ ይገኛል። ከደጋው እህልና ቡና፣ ከቆላው ከብትና ቆዳ፣ ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች ደግሞ ጨርቅና የባሕር ማዶ ሸቀጥ የሚገናኙት እዚህ ነበር። ገበያው ሰው ሰበሰበ፤ የተሰበሰበውን ሰው ደግሞ ግንቡ አጠጋጋው። በጀጎል ውስጥ ያለው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነዋሪውን 8,000 ገደማ ብሎ ገምቶታል። በዚያ ጥበት ቤት ከቤት ተደጋግፎ ይቆማል፤ አንዳንዱ መንገድ የተጫነች አህያ ስትመጣ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ የሚያሳልፍበት ነው።

ዛሬ ከተማዋ ከግንቡ ወጥታ ወደ ምዕራብ ተስፋፍታለች። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183,415 ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው ከተሜ ነበር፤ በዚያው ቆጠራ በመላው አገር ከተሜው ከመቶ 16 ብቻ ነው። ከክልሉ ነዋሪ ኦሮሞው ከመቶ 56፣ አማራው 23 ያህል፣ ሐረሪው ራሱ ደግሞ ከ9 በታች ነው። ክልሉ የሚጠራው ከነዋሪው አንድ አሥረኛ እንኳ በማይሞላ ሕዝብ ስም ነው ማለት ነው። ይህን አኃዝ ብቻ ያየ ሰው ግራ ይጋባል፤ አኃዙ የሚፈታው ወደ ፍልሰቱ ታሪክ ሲገቡ ነው።

የሐረር ትውፊት ራሱ የሚጀምረው በፍልሰት ነው። ከተማዋን ያጸኗት ሼህ አባድር ከሌሎች ቅዱሳን ጋር ከዐረብ አገር መጡ ይባላል። ግንቡን ያሠራው ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፍርሃት ነው። የሙስሊሙ የአዳል መንግሥት መሪ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1535 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የአዳል ኃይል ደከመ፤ የኦሮሞ ሕዝብ ታላቅ እንቅስቃሴም አካባቢውን አዳረሰ። የኢማሙ ተተኪ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ከተማውን በድንጋይ አጠረው። ግንቡ የተሠራው ሰውን ለመከልከል ነው ይባል እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት የኖረችው ሐረር የተመገበችው ከግንቡ ውጭ ባለው የኦሮሞ ገበሬ እርሻ ነው። ቀን በሮቹ ይከፈታሉ፣ ማታ ይዘጋሉ። የቀኑ መከፈት ከማታው መዘጋት ባልተናነሰ ከተማዋን ያኖራት መሆኑን ብዙ ጊዜ ጸሐፊዎች ይዘነጉታል። እስልምናም ወደ ገጠሩ የወጣው በእነዚያው በሮች ነው።

ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ግብፆች ከተማዋን ያዙ። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር በጨለንቆ የሐረሩን አሚር የአብዱላሂን ጦር ድል አደረገ፤ ራስ መኮንንም ገዥ ሆኑ። የጨለንቆ ትዝታ ዛሬም በሐረሪ ቤት ውስጥ ይታያል። ሳሎኑ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም በዕድሜና በማዕረግ የታወቀ ነው። ግድግዳው በሞሶብና በሳሕን ይሸለማል፤ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገራል። ወለሉና መደቡ የሚቀባው ቀይ አፈር ደግሞ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ከድሉ በኋላ ወታደሩ፣ ሹሙና ካህኑ ከነቤተሰቡ መጣ፤ አማርኛና ኦርቶዶክስ ክርስትናም በከተማዋ ሥር ሰደዱ። በጀጎል መካከል በነበረ መስጊድ ስፍራ ላይም የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ።

የሐረርን ገበያ የጎዳው ግን ከጦርነት ይልቅ ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ወደ ደጋው መውጣት ስለከበደው ታች በቆላው በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ጣቢያው በተተከለበት ቦታም ድሬዳዋ ተመሠረተች፤ መጀመሪያ የተሰጣት ስም አዲስ ሐረር ነበር። ነጋዴው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወረደ። በ1940 ዓ.ም. ሐረሪዎች ያነሱት የፖለቲካ ጥያቄ በእስርና በንብረት ውርስ ሲመለስ ብዙ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ሐረሪው በከተማዋ ዙሪያ የነበረው፣ የኦሮሞ ገበሬ የሚያርሰው መሬት ለአራሹ ተላለፈ። ለአራሹ የዘመናት ቀንበር መውረድ ነበር፤ ለጀጎል ነዋሪ ደግሞ የኑሮው መሠረት መናድ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የሚተርክ ታሪክ ጎደሎ ነው። ከዚያ በኋላ ስደቱ ከአዲስ አበባም አልፎ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ቀጠለ። በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተቆጠሩት 32 ሺህ ገደማ ሐረሪዎች ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት ከክልላቸው ውጭ ነበር።

ቋንቋው ከሁሉ ይበልጥ ያስገርማል። ሐረሪዎች ከተማቸውን ጌይ፣ ቋንቋቸውን ጌይ ሲናን ይሉታል፤ የከተማ ቋንቋ እንደ ማለት ነው። ዙሪያውን የከበቡት ኦሮምኛና ሶማልኛ የኩሽ ቋንቋዎች ሲሆኑ እሱ ሴማዊ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛና በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ያለው ዛይኛ ናቸው፤ በመካከላቸው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አለ። የቋንቋ አጥኚዎች እንደሚሉት በአንድ ወቅት ተያይዞ የኖረ ሕዝብ በፍልሰት ማዕበል ተቆራርጦ ቀርቷል። ለዘመናት በዐረብ ፊደል ተጽፏል፤ በርተንም የሐረርን ነዋሪ በገመተበት መጽሐፍ ውስጥ ቃላቱንና ሰዋስውን አስፍሯል።

እዚህ ላይ የአርጎብ በሪን ስም መልሶ ማንሳት ያስፈልጋል። አርጎባዎች እንደ ሐረሪዎች ሙስሊም፣ እንደ እነሱ የሴማዊ ቋንቋ ባለቤት፣ እንደ እነሱ የድንጋይ ቤት ገንቢ ናቸው። ከሐረር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው ቆረሚ መንደር ቤቶቻቸው ዛሬም ቆመዋል። በሐረር ዙሪያ ያሉት አርጎባዎች ግን ዛሬ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ከግንቡ ውስጥ ያለው ጌይ ሲናን ሲተርፍ ከግንቡ ውጭ ያለው አርጎብኛ ለምን ጠፋ? ድንጋይ ቋንቋን አይጠብቅም። ሐረሪው ቋንቋውን ያቆየው ገበያውን ስለያዘ፣ መሬት ስለነበረው፣ ጋብቻውን በመካከሉ ስላደረገና በአፎቻ ስለተደራጀ ነው። አፎቻ ሠርግና ለቅሶን በጋራ የሚሸከም ማኅበር ነው፤ ሰው በአፎቻው ፊት የሚናገረው የአፎቻውን ቋንቋ ነው። አርጎባው ደግሞ ከገበሬ ጎረቤቱ ጋር አብሮ አረሰ፣ ተጋባ፣ ልጆቹም የጎረቤታቸውን አፍ ወሰዱ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ የጉርብትና ዋጋ ነው። ቢሆንም አንድ ቋንቋ ከአንድ መንደር ሲጠፋ የሚቀረው ዝምታ ያሳዝናል።

የእምነቱ ካርታ ከቋንቋው ካርታ ጋር አይገጥምም። በ1999 ዓ.ም. ከክልሉ ነዋሪ ከመቶ 69 ያህሉ ሙስሊም፣ 27ቱ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ሶማሌውና አርጎባው በቋንቋ ይለያያሉ፤ ወደ አንድ ቂብላ ግን ይሰግዳሉ። በጀጎል 82 መስጊድና ከመቶ የሚበልጥ የቅዱሳን መቃብር አለ፤ አንዳንዱ መስጊድ ከአንድ ሳሎን አይበልጥም። የጎረቤት ሰው ከደጁ ወጥቶ በጥቂት እርምጃ የሚደርስበት ነው። የአባድር መቃብር የከተሜ ብቻ አይደለም፤ ከገጠር የመጣም ስለት ይዞበት ይመጣል። ከመስጊዶቹ ጥቂት ራቅ ብሎ በመኪና ግርግር፣ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ባገኘው ጠባብ መንገድ፣ ሰፊዎቹ ለማንኛውም ሃይማኖት ሰው ልብስ ይሰፋሉ።

ክልሉ ዛሬ ሁለት የሥራ ቋንቋ አለው፤ ሐረሪና ኦሮምኛ። ከምክር ቤቱ 36 መቀመጫ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ሲሆኑ፣ ለእነዚያ መቀመጫዎች በሌላ የኢትዮጵያ ከተማ የሚኖር ሐረሪም ድምፅ ሲሰጥ ኖሯል። የመራጩ ቤት ከወሰን ውጭ ሆኖ ውክልናው ከወሰን ውስጥ መሆኑ ስለ ሕዝብና ስለ ቦታ የሚነገረውን የተለመደ ትምህርት ያወሳስበዋል። የተሟገቱበትም አሉ፤ ከግማሽ በላይ በሆነው ኦሮሞና በስሙ ባለቤት በሆነው ሐረሪ መካከል ሚዛኑን መጠበቅ ቀላል ሆኖ አያውቅም።

የወጡት ይመለሳሉ፤ ለዒድ። ከረመዳን በኋላ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም የሚከበረውን ሸዋል ዒድ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ ከቶሮንቶ፣ ከዋሽንግተን፣ ከጂዳ ቤተሰብ ከነልጅ ልጁ ይመጣል። ነደባው ይሞላል፤ ታናሽ ከታች፣ ታላቅ ከላይ። በማግስቱ ጠዋት አያት የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ወደ አርጎብ በሪ ትወርዳለች፤ ከገጠር ከመጣችው ሴት ጋር በኦሮምኛ ዋጋ ትከራከራለች፤ ለልጁ የተባባሉትን በጌይ ሲናን ትነግረዋለች፤ ያልገባውን ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ በአማርኛ ትደግምለታለች።